የጋሽ አራጋው በረንዳ

ጋሽ አራጋው የሰው ሹራብ ሳይነቅፍ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጠዋት ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትደርስ ዱካውን ያወጣል፤ ስኳር የበዛበት ሻይ በብርጭቆ ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆርጦ ያሾላቸውን ሁለት የሹራብ መሥሪያዎች ከኮቱ ኪስ ይመዝና ሐይቅ ከተማን አቋርጦ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት የሚያልፈውን ሁሉ መመርመር ይጀምራል። የሰውየው ፊት ጉዳዩ አይደለም። ዓይኑ የሚያርፈው ሹራቡ ላይ ነው። የባንክ ሠራተኛው ሹራብ ብብቱ ጠቧል፣ የመምህሩ አንገት ላልቷል፣ የባጃጅ ነጂዎቹ የለበሱት ደግሞ ከፋብሪካ የወጣ ስለሆነ ሹራብ ተብሎ መጠራት የለበትም። ሚኒባስ ሲቆም ደስታው ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ባንዴ ይወርድለታል።

እኔ ደግሞ እሱን ንቄ አልጠግብም ነበር። ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ስምንት ዓመቴ ነው፤ በስምንት ዓመቴ የማውቃቸው ወንዶች ሁሉ ወይ ያርሳሉ፣ ወይ ይነግዳሉ፣ ወይ ሐይቁ ላይ መረብ ይጥላሉ። ስድሳን አልፎ፣ ሽበቱን አበጥሮ፣ ክር ሲያጠነጥን የሚውል ወንድ ከሱ በቀር አላየሁም። የክፍል ጓደኞቼ የእናትሽ ባልንጀራ ዛሬ ቀሚስ ለብሷል ወይ እያሉ ያሾፉብኛል። እናቴ "እርስዎ" ስትለው እኔ በልቤ "አንተ" እለው ነበር። አሁንም እንደዚያው ልቀጥል፤ ካለፈ በኋላ አንቱ ብለው ምን ያደርግለታል።

ሹራብ መሥራት የተማረው እስር ቤት ነው። ይህን ማንም አልደበቀኝም፤ ራሱም አይደብቅም። በወጣትነቱ አምባሰል ላይ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን በዱላ ፈነከተና አራት ዓመት ታሰረ። ብርዱ ሲጠናበት አንድ ሽማግሌ እስረኛ አጠገብ ተቀምጦ እጃቸውን እያየ ለመደ። እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ሰው መፈንከቱንና ሽቦውን። ሁለቱን አገናኘሁና ሰውየውን የጎዳው በነዚያው ሽቦዎች ነው አልኩ። እሱ የክሩን ቀለበቶች በከንፈሩ እየቆጠረ ሽቦውን ብቅ ጥልቅ ሲያደርግ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ደም እፈልግበት ነበር። እሱም ዓይኔን ሲያየው "ይቺ ልጅ ሙያው ገብቷታል" ይላል።

በረንዳው ላይ የምውለው ወድጄ አልነበረም። አባቴ ጅቡቲ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። እኔና እናቴ ዋሲላ የምንኖረው በአያቴ በኡበይድ ቤት ነው፤ አባባ እላቸዋለሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ሀሚድ፣ እሷን ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ለመላክ ቆርጦ ተነስቶ ነበር። አባባ እሺ አላሉም። ልጄ እዚሁ የምትሠራው ነገር ካገኘች ከደጄ አትወጣም ብለው ተናገሩ፤ በእኛ ቤት ደግሞ ያለ እሳቸው ፈቃድ የሚሄድ የለም። እናቴ ይህን ሰምታ በማግስቱ አስፋልቱን ተሻገረችና ጋሽ አራጋውን ሹራብ ያስተምሩኝ አለችው። ነገሩ ይኸው ነበር። ሹራቡን ከቻለችበት ትቀራለች፣ ካልቻለችበት ትሄዳለች። ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ብቻ እኔ እንድትሄድ ነበር የምፈልገው።

ሱንዱስ የምትባል የክፍል ጓደኛዬ እናቷ ጅዳ ናት። ሱንዱስ ጎማ ያለው ሮዝ ቦርሳና ስትጋደም ዓይኗን የምትከድን አሻንጉሊት አላት። እናት ስትርቅ ዕቃ እየሆነች የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። ጅዳንም ከውጫሌ ትንሽ ራቅ ያለ ገበያ አድርጌ ነው የሳልኳት፤ ሰው ጠዋት ይሄዳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ተሸክሞ ይመጣል። ሱንዱስ እናቷን በፎቶ ካልሆነ አላስታውሳትም ስትለኝ እንኳ የቀናሁት በፎቶው ነበር።

አጎቴ ሀሚድ ስልኩን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ኪሱ ቢከተው ማን ያይለታል። የወርቅ ጥርስ ነበረው፣ ለዚያም ሲል ብዙ ይስቃል። ሥራው ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር መላክ ስለሆነ የአውሮፕላን ባለቤት ይመስለኝ ነበር። ሲመጣ ብስኩት ይይዝልኛል፣ ጭንቅላቴን ይዳብሳል፣ ሽቶው ፀጉሬ ላይ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ያቺን ጥርስ ያስተከላት ከላካቸው ሴቶች ድርሻ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የገዛ እህቱንም ቢሆን በነፃ ሊልካት አልነበረም።

እንግዲህ ትምህርቱ የተጀመረው በማፍረስ ነው። ጋሽ አራጋው አዲስ ክር አይገዛም፤ የሱቅ ክር ገና ምንም ያላየ ሕፃን ነው ይላል። በገበያ ቀን ሰልባጅ ተራ ይሄድና ክምሩን እያገላበጠ የፈረንጅ አሮጌ ሹራብ ይመርጣል። ስፌቱን በምላጭ ይለቀዋል፣ የክሩን ጫፍ ፈልጎ ያገኛል፣ ከዚያ እየሳበ ይተረትረዋል። እናቴን አንድ ወር ሙሉ ሲያስተረትራት ሽቦ አላስነካትም። እሱ ዱካ ላይ፣ እሷ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ ጭኗ ላይ የፈረሰ ሹራብ ይከመራል። እኔ ይህን ሳይ፣ አንድ እብድ ሽማግሌ ደህና ደህና ሹራብ እያበላሸ እናቴን ገረድ አድርጎ ያዛት አልኩ። ገረድነት ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚኬድለትም ሳላውቅ መሆኑ ነው።

የተተረተረ ክር እንደ ጠጉር ይከረደዳል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ወስደው ያጥቡትና በግቢው ገመድ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ እንዲቃና ከታቹ ድንጋይ ያስሩበታል። ድንጋዮቹን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ አንዱን አንስቶ ይመዝናል፣ ይጥላል፣ ሌላ ያነሳል፣ የልጅ ጨዋታ እንደያዘ ሰው። ክሩ እስኪደርቅ ጋሽ አራጋው ምንም አይሠራም። ሳሩ ላይ ጋደም ይልና ሬዲዮኑን ይከፍታል። ዘፈኑ በአምባሰል ቅኝት ከሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዜና ሲመጣ ይዘጋዋል። ዜና አንባቢዎቹን ሹራባቸውን ስለማያይ አያምናቸውም።

በሁለተኛው ወር እናቴ ሽቦ ያዘች። የመጀመሪያዋን የሹራብ ጀርባ ሠርታ ስትሰጠው በሁለት እጁ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው።

"ይኼ ምንድን ነው ዋሲላ?"

"ጀርባው ነው ጋሼ።"

"የማን ጀርባ? የግመል?"

እናቴ ሳቀች፤ ሻዩ እስኪደፋ ሳቀች። እሱም ጫፉን ይዞ ሳበውና የአሥር ቀን ሥራዋን አንድ ብርጭቆ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ተረተረው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እኔ ደስ አለኝ፤ አልቻለችበትም፣ ትሄዳለች ብዬ። የናቴ ሳቅ ግን አበሳጨኝ። ቤት ውስጥ ስትስቅ አላውቃትም፤ ከኔ ጋርም ስትስቅ አላውቃትም። እዚያ በረንዳ ላይ አንድ ክር ፈቺ ሽማግሌ እየሰደባት የምትስቀው ለምንድን ነው? ሌላ ነገር አለ አልኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ሌላ ነገር ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ፤ አጎቴ ግን ስነግረው ወዲያው ገባው።

ሦስተኛው ጀርባ ሳይፈርስ ቀረ። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር በረንዳው ድረስ መጣ። ለመስከረም ለተማሪዎቹ አረንጓዴ ሹራብ ይፈልጋል። ጋሽ አራጋው ሁለት ሹራብ ዘረጋለት፣ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የናቴ፤ የማን የማን እንደሆነ ግን አልነገረውም። ዳይሬክተሩ የናቴን መረጠ። ጋሽ አራጋው ዳይሬክተሩ ከሄደ በኋላ ይህ ሰው ዓይን የለውም፣ እንኳን ትምህርት ቤት የዶሮ ቤት አይሰጠውም እያለ ሲሳደብ ዋለ፤ ደስታ ሲበዛበት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አባባ ማታ ሲሰሙ አልሐምዱሊላህ፣ በቃ፣ የጅዳው ነገር ከዚህ ቤት ይውጣ አሉ።

አጎቴ በማግስቱ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። ለስላሳ ከፈተልኝ። እዚያ ሰውዬ ቤት ምን ምን እንደሚደረግ ጠየቀኝና ደስ የማይል ነገር ካየሁ ለሱ ብቻ እንድነግረው አደራ አለኝ። እንደ ሱንዱስ ያለችዋ አሻንጉሊት ጅዳ ተዘጋጅታለች አለ፤ እናትሽ ስትደርስ ወዲያው ትልክልሻለች። ከመመለሳችን በፊትም ጥርሱን በባጃጁ መስታወት አየ።

የፋሲካ ዕለት ጋሽ አራጋው እናቴንና እኔን ምሳ ጠራን። በሁለት ነገር የሚደሰትበት ቀን ነበር፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ነው፣ ደግሞም ሥራ ተገኝቷል። ጎረቤቶቹ በግ አርደው ቆዳውን አጥር ላይ ዘርግተውታል፤ ሰፈሩ በቅቤና በሥጋ ጠረን ተሞልቷል። እኛ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ ያለቅሳል፣ አንድ ላይ ይድራል፣ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። ይህን ለመማር ስምንት ዓመት አያስፈልግም። እኔ ግቢው ውስጥ በክር ድንጋዮቹ እጫወት ነበር። በበሩ ብቅ ብዬ ሳይ መጥበሻው ትሪው ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ቢላዋ አለ፣ ሁለቱ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ የናቴ ጣቶች በዘይት ርሰዋል። ሥጋ ነው አልኩ። ነይ ብይ ብላ ጠራችኝ። እምቢ ብዬ ሮጥኩ።

የሮጥኩት ወደ አጎቴ ነው። እማ እዚያ ሰውዬ ቤት ሥጋ በላች አልኩት። አይተሻል አለኝ። አይቻለሁ አልኩ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ የበግ ነው የፍየል፣ ጥሬ ነው ጥብስ አላለም። ብስኩቱን እሽጉን ሳይፈታ ሰጠኝ።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ አባባ ክፍል ተሰበሰብን። አባባ ምንጣፋቸው ላይ ናቸው፣ የሶላት መቁጠሪያቸው፣ ሙሰባቸው፣ በእጃቸው። እናቴ በሩ አጠገብ ቆማለች። አጎቴ ነገሩን እያዘነ ተናገረ፤ ማዘን ይችልበታል። እህቴ ናት፣ ስሟ የኔም ስም ነው፣ ዛሬ ሥጋውን የበላች ነገ ምን እንደምታደርግ አላህ ይወቅ፣ ነገሩ በከተማው ሳይሰማ ትሂድ አለ።

"ዓሣ ነው የበላሁት አባ" አለች እናቴ። "ጋሼ ለእኔ ብለው ነው። የራሳቸውን ሥጋ ትተው ከሐይቁ ዓሣ ገዙ። ዓሣ ዕርድ የለው፣ ምን የለው፣ አብረን እንበላለን ብለው።"

አጎቴ ሳቀ። ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ በፋሲካ ዕለት ዓሣ የሚበላ ክርስቲያን ማን አይቷል አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም አላየም። የአባባ ልብ ወደሱ ሲያዘነብል ይታየኛል።

"ልጅቱ እዚያው ነበረች" አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀለል አለ፣ ጭነቱን እንዳወረደ ሰው። "እሷን ይጠይቋት።"

አባባ ጠሩኝ። እጄን ያዙ።

"ኢንሳፍ፣ ልጄ፣ አላህን ፈርተሽ ንገሪኝ። እናትሽ የበላችው ምንድን ነው?"

"ሥጋ" አልኩ።

እናቴ አየችኝ። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችም። ልትከራከር ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሻሿን አስተካከለችና፣ "እንዳለችው ነው" አለች።

እኔ የዚያን ቀን ከዚህ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትክክል ነበርኩ። ራሷ አመነች። ያንን ይዤ እናቴ ልትሄድ ነው ብዬ ለሱንዱስ ልነግራት ሮጥኩ።

የበላችው ዓሣ ነበር እንጂ። እያደግሁ ስሄድ ገባኝ፤ ለሰው የምናገረው እንደዚያ ነው። ጋሽ አራጋው ያን ሁሉ ቀን ጾሞ፣ የሰፈሩ ሁሉ ሥጋ አፍንጫው ሥር እየተጠበሰ፣ አንዲት ሙስሊም ሴት አብራው እንድትበላ ብሎ ዓሣ የጠበሰ ሰው ነው። በማግስቱ ለአባባ ሊያስረዳ መጥቶ ነበር። አጎቴ ከበር መለሰው። ምን ያህል ቢጣደፍ ነው፣ እናቴ ክረምቱ ሳይገባ ጅዳ ነበረች። አሻንጉሊት የሚባል ነገር አልመጣም። በሁለት ዓመት ትመለሳለች የተባለችውም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጣች፤ አባባ በሦስተኛው ዓመት ሞተው ነበር፣ ያቺን የሥጋ ነገር እንዳመኑ።

ጋሽ አራጋው አረንጓዴዎቹን ሹራቦች ብቻውን ጀመረና ግማሹን እንኳ ሳያደርስ መስከረም ጠባ። የቀረውን ትምህርት ቤቱ ከሱቅ ገዛ። እሱም ተማሪዎቹ በበረንዳው ሲያልፉ የራሱን ከሱቁ እየለየ ሲነቅፍ ዓመቱን ጨረሰ። እኔን ሲያይ ነገር አያነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ከሩቅ ጠርቶ፣ "እጅጌሽ አጥሯል፣ ነይ ልጨምርልሽ" አለኝ። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። ኋላ ዓይኑ ደከመና ወደ ዘመዶቹ ወደ አምባሰል ወጣ፤ መሞቱን የሰማሁት ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ነው።

አሁን ደሴ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር አጎቴ ሀሚድ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሐጅ አድርጓል፣ ሰው ሲታረቅ ፊት ለፊት የሚቀመጠው እሱ ነው። ኬክ ይዞ ነው የመጣው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን፣ ኪኒን ጠየቀኝ፣ መረቀንና ሄደ። በሩ ከመዘጋቱ ጀመርኩ። ይኼ አስመሳይ አልኩ፣ ይኼ የሰው ነጋዴ፣ አሁን ደግሞ መራቂ ሆነ። እናቴ በረኪና የበላው እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰማኛለች። ዘጠኝ ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠበ እጅ ነው፤ ጣቶቿ ክር አይሰማቸውም፣ ሽቦ ስትይዝ ይወድቅባታል። ያንን ሳይ ባሰብኝ።

"ዓሣና ሥጋ ያልለየች ሕፃን ይዞ ነው ቤታችንን ያፈረሰው" አልኩ።

"ማን ነው ያልለየው?" አለች።

"እኔ ነኛ።"

"ተይ እንጅ ኢንሳፍ። አንች ስምሽን ሳታውቂ ነው የዓሣ ጠረን ያወቅሽው።" አልተቆጣችም፤ ስለ አየሩ የምታወራ ነው የሚመስለው። "ያን ቀን ደግሞ በሩ ላይ መጥተሽ፣ እሾሁን አውጥቼ ሁለቴ አጉርሸሻለሁ። ሦስተኛውን ስጭኝ ብለሽ ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ነው የሮጥሽው።"

ከበሩ ውጭ ባጃጅ አለፈ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ለምን እንዳለችው ነው አልሽ?

"ምን ልበል? ልጄ አላህን ጠርተው ሲጠይቋት ዋሸች ልበል፣ ባባቴ ፊት? እኔ ብሄድም ብቀርም አንች የምታድጊው እዚያ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ማን በደህና ዓይን ያይሽ ነበር?"

ተነስታ የአጎቴን ኬክ ለጎረቤት ልጆች ልትቆርስ ቢላዋ ፈለገች። ቢላዋውን ሁለት ጊዜ ጣለችው፣ እኔ አንስቼ ሰጠኋት። አጎቴን ስሰድብ የከረምኩበት አፍ ለራሴ ሲሆን ቃል ጠፋው።

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ፣ ቅድም ለእናንተም ጭምር፣ ሥጋ መስሎኝ ነው እያልኩ ነው የተናገርኩት። ሁለቴ አጉርሳኛለች። ሎሚ ተጨምቆበት ነበር።